የደረቀና የተበላ የቦውሊንግ ሌን ላይ እንዴት እንጫወት?

እንጀራ የጋገረ ሰው ይህን ያውቃል። ምጣዱ በጎመን ዘር በደንብ ከታሰሰ እንጀራው ሸርተት ብሎ ይነሳል። ካልታሰሰ ይይዛል። የቦውሊንግ ሌንም (ኳሱ የሚንከባለልበት መንገድ) ልክ እንደዚያ ነው። ዘይት ካለው ኳሱ ይንሸራተታል። ዘይቱ ሲያልቅ ኳሱን ይይዘዋል። የተያዘ ኳስ ደግሞ ያለ ቦታው ይታጠፋል።

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ማክሰኞ ማታ ሊግ እጫወታለሁ። ቡድናችን አራት ሰው ነው። የምንጫወተው በሁለተኛው ፈረቃ ነው። ከእኛ በፊት ሌላ ሊግ እዚያው ሌን ላይ ሦስት ጌም ተጫውቶ ይወጣል። ለእኛ ዘይት እንደገና አይቀባም። ሌኖቹም የቆዩ የእንጨት ሌኖች ናቸው።

የመጀመሪያው ዓመት ከበደኝ። አንደኛውን ጌም 180 ነጥብ አካባቢ አገባለሁ፣ ሦስተኛው ላይ 130 መድረስ ያቅተኛል። ኳሱ እየታጠፈ ከ1 ቁጥር ፒን (በኳስ ከምንጥላቸው ዒላማዎች ከፊት የቆመችው) በስተግራ ያልፋል። እኔ ደግሞ በጉልበት ላቃናው እታገላለሁ። አንድ ማታ የቡድናችንን ታላቅ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ኳሱ ዛሬ ምን ነካው?»

«ኳሱማ ደህና ነው። ያለቀው አንተ የምትጥልበት መንገድ ነው። እግርህን አንሳና ሌላ መንገድ ፈልግ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ያየሁት ሁሉ ይህንኑ ነው ያረጋገጠልኝ። ደረቅ ሌን ላይ የሚያዋጣው መንገዱ ሳያልቅባችሁ ቀድሞ መንቀሳቀስ ነው። እንዴት እንደሚደረግ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። የምጽፈው በቀኝ እጅ ለሚጥል ሰው ነው። ግራኞች ቀኝና ግራውን ገልብጣችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ፦ ሌኑን እወቁት

ከፋውል መስመሩ (ስንጥል ማለፍ ከሌለብን መስመር) እስከ 1 ቁጥር ፒን 60 ጫማ ነው፤ 18 ሜትር ከ29 ሳንቲ ሜትር። በወርዱ 39 ሳንቃ አለው። ሳንቃዎቹን ከቀኝ ጠርዝ ጀምራችሁ ቁጠሩ። ሌኑ ላይ የሚታዩት 7 ቀስቶች በየ5 ሳንቃው ነው የተቀመጡት። አንደኛው ቀስት 5ኛው ሳንቃ ላይ፣ ሁለተኛው 10ኛው ላይ፣ ሦስተኛው 15ኛው ላይ እያለ ይቀጥላል። ይህን ቃላችሁ ላይ ያዙት፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በሳንቃ የሚቆጠር ነው።

ዘይቱ ሌኑን ሙሉ አይሸፍነውም። አብዛኛው የቦውሊንግ ቤት ለሊግ የሚቀባው ከፋውል መስመሩ ጀምሮ 40 ጫማ አካባቢ ድረስ ነው። ቀሪው 20 ጫማ ደረቅ ነው። ወርዱን ብታዩት ደግሞ መሀሉ ላይ ዘይቱ ወፍራም ነው፤ ወደ ዳር ስትሄዱ ይሳሳል። ኳሱ ዘይቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ደረቁ ጋ ሲደርስ ይይዝና ወደ ፒኖቹ ይታጠፋል። ጤነኛ ሌን ማለት ይህ ነው።

ታዲያ ዘይቱ የት ይሄዳል? ኳሶቹ ይወስዱታል። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ የተስፋፋው ሪአክቲቭ ኳስ ዘይት ይመጥጣል። ኳሱ ሲመለስላችሁ ዙሪያውን እዩት፤ ቀለበት ቀለበት የሠራ የዘይት መስመር ታገኛላችሁ። ያ ዘይት ከሌኑ ላይ የተነሳ ነው። የሊግ ሰው አብዛኛው ሁለተኛውን ቀስት ስለሚወድ ከ8ኛው እስከ 12ኛው ሳንቃ ያለው መንገድ ከሁሉም ቀድሞ ይደርቃል።

ሌላም ዓይነት ድርቀት አለ። ይህኛው የዘይት ጉዳይ አይደለም፤ ሌኑ ራሱ ሲበላ ነው። የእንጨት ሌን የፊተኛው 15 ጫማ ያህሉ ሜፕል ነው። ጠንካራ እንጨት ስለሆነ የኳሱን አወዳደቅ ይችላል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ለስለስ ያለ የጥድ ዘር ነው፤ ፒኖቹ የቆሙበት ደግሞ ተመልሶ ሜፕል ይሆናል። 6 እና 7 ኪሎ የሚመዝን ኳስ በየቀኑ ሲያርፍበት ላዩ ላይ ያለው ቅብ ይበላል፣ እንጨቱ ይሻክራል። ሲንተቲክ (ሰው ሠራሽ) ሌንም አይድንም፤ ሁሉም የሚጥልበት መስመር ከጊዜ ብዛት ይሻክራል።

ሁለቱን መለየት ግዴታ ነው፣ መድኃኒታቸው የተለያየ ስለሆነ። ኳሱ ገና ቀስቶቹን ሳያልፍ ወይም እንዳለፈ መታጠፍ ከጀመረ የሌኑ ፊት አልቋል። ይህ ከመጀመሪያው ጌም፣ ከመጀመሪያው ኳስ ጀምሮ ከታየ ሌኑ የተበላ ነው። መጀመሪያ ደህና ሄዶ እየመሸ ሲሄድ ከመጣ ዘይቱ ነው ያለቀው። ፊቱ በሰላም አልፎ ከ40 ጫማ በኋላ ድንገት ጎኑን ሰጥቶ የሚታጠፍ ከሆነ ደግሞ ፊቱ ዘይት አለው፤ የኋላው ነው ኃይለኛ የሆነው።

ልምምድ ላይ ፒን አትቁጠሩ

ሊግ ከመጀመሩ በፊት 10 ደቂቃ ያህል ልምምድ ይሰጣል። አብዛኛው ሰው ይህችን ጊዜ ስትራይክ (አሥሩንም ፒን በአንድ ኳስ መጣል) እያስቆጠረ ደስ ሲለው ያሳልፋታል። እናንተ ጥያቄ ጠይቁባት።

ከመጣላችሁ በፊት መንደርደሪያው ላይ በባዶ እጅ አንዴ ተንሸራተቱ። አሮጌ ቤት ውስጥ መንደርደሪያውም ያረጃል። ጫማችሁ ቢይዝባችሁ ጉልበታችሁን ትጎዳላችሁ። ይህን ሳታዩ ኳስ አታንሱ።

ከዚያ የመጀመሪያውን ኳስ በለመዳችሁት መንገድ ጣሉ። ሁለተኛውን 5 ሳንቃ ወደ ግራ ገብታችሁ ጣሉ። ሦስተኛውን በአንደኛው ቀስት በኩል፣ ወደ ዳር ጣሉ። ፒኑን እርሱት። ዓይናችሁ ኳሱ መታጠፍ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ይሁን። የትኛው መንገድ ላይ ቶሎ ይዞታል? የትኛው ላይ ረጅም ሄዶለታል? ይህን ሁለት ጥያቄ በግራውም በቀኙም ሌን ላይ መልሱ። ሊግ በጥንድ ሌን ነው የሚካሄደው፣ ጥንዶቹም እንደ መንታ አይመሳሰሉም። እኛ ቤት ካሉት አንድ ጥንድ ላይ የቀኙ ከግራው 3 ሳንቃ ይለያል። አንዱ ላይ የሠራውን ሌላው ላይ የሚደግም ሰው ግማሹን ማታ ይከስራል።

የሌኑን ጥገና የሚሠራውን ሰው ካገኛችሁት ደግሞ በትህትና ጠይቁት። መቼ ነው የተቀባው? ስንት ጫማ? ሁለት ጥያቄ ነው። ሥራውን የሚወድ ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ኳሱ የሚላችሁን ስሙ

እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ፤ የነገሩ ሥር እዚህ ነው።

ፒኖቹ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይቆጠራሉ፦ ከፊት 1፣ ቀጥሎ 2 እና 3፣ ከዚያ ከ4 እስከ 6፣ ከኋላ ከ7 እስከ 10። በቀኝ እጅ የሚጥል ሰው ፖኬቱ (ኳሱ እንዲገባበት የሚፈልገው ቦታ) በ1 እና በ3 ቁጥር ፒን መሀል ነው፤ 17ኛውና 18ኛው ሳንቃ አካባቢ። ጥሩ ኳስ እዚያ ሲገባ ራሱ የሚነካው አራት ፒን ብቻ ነው፦ 1፣ 3፣ 5 እና 9። ሌሎቹን ስድስቱን ፒኖቹ ራሳቸው ናቸው የሚጥሉት። ስለዚህ ስትራይክ ስታስቆጥሩ ዞር ብላችሁ እጅ ከመምታታችሁ በፊት ኳሱ ከኋላ በየት በኩል እንደወደቀ እዩ። በ8 እና በ9 መሀል ከወጣ ጤነኛ ነው። ወደ ቀኝ ተገፍቶ ከወጣ ደክሞ ነው የደረሰው። 5 ቁጥርን ጨፍልቆ በመሀል ወይም በግራ ከወጣ መንገዱ እየደረቀ ነው። ሁሉም ፒን ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ የሚቀጥለው ኳስ ግን አይወድቅም። ሌኑ ቀድሞ ነግሯችኋል።

የቀሩት ፒኖችም ይናገራሉ። 4 ቁጥር ብቻዋን ከቀረች፣ ወይም 4 እና 9 ከቀሩ፣ ወይም 3፣ 6 እና 10 ተደርድረው ከቀሩ ኳሱ 1 ቁጥርን ከፊት ለፊት መትቶታል ማለት ነው። ቶሎ ታጥፏል። 4፣ 6፣ 7 እና 10 አራቱም ማዕዘን ላይ ከቆሙ ደግሞ አንድ ሁለት ኳስ ዘግይታችኋል። ኳሱ ጭራሽ በ1 እና በ2 መሀል ከገባ ተጫዋቾች ብሩክሊን ይሉታል። ስትራይክ ቢሆንላችሁም አታጨብጭቡለት። ወዲያው ቦታ ቀይሩ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ላሳያችሁ። 10 ቁጥር ፒን ብቻዋን ትቀራለች። ሰውየው «ኳሱ ስላልታጠፈ ነው» ብሎ ወደ ቀኝ ይመለሳል፣ ይብስበታል። 10 ቁጥር ስትቀር 6 ቁጥርን እዩ። 6 ቁጥር በአየር ላይ ተሽከርክራ በ10 ቁጥር አንገት ዙሪያ አልፋ ከሄደች ኳሱ ኃይል ነበረው፤ በትንሽ ነገር ነው የሳተው። 6 ቁጥር ግን ልፍስፍስ ብላ በስተቀኝ ያለው ቦይ ውስጥ ጋደም ካለች ነገሩ ሌላ ነው። ኳሱ ፖኬት ደርሷል፣ ግን ኃይሉን መንገድ ላይ ጨርሶ ነው የደረሰው። ደረቁ ቀድሞ ይዞት፣ ቀድሞ ታጥፎ፣ መጨረሻ ላይ ቀጥ ብሎ ብቻ ተንከባሏል። ይህ ድርቀት ነው። መልሱም ወደ ዘይቱ፣ ወደ ግራ መግባት ነው።

እግር ይቅደም

ቀስቶቹ ከፋውል መስመሩ 15 ጫማ ያህል ይርቃሉ። ፒኖቹ 60 ጫማ ላይ ናቸው። ስለዚህ እግራችሁን 1 ሳንቃ ወደ ግራ ብታንቀሳቅሱና ዓይናችሁ ግን እዚያው ቀስት ላይ ቢቀር፣ ኳሱ ፒኖቹ ጋ ሲደርስ 3 ሳንቃ ያህል ወደ ቀኝ ይለያል። ትንሽ እርምጃ ብዙ የምትሠራው ለዚህ ነው።

ሌኑ እየደረቀ ሲሄድ ግን እግርን ብቻ ማንቀሳቀስ አይበቃም። ዓይናችሁ እዚያው የደረቀው መንገድ ላይ ከቀረ ኳሱ አሁንም እዚያው ያልፋል። ስለዚህ ሁለት ለአንድ እንሄዳለን። እግር 2 ሳንቃ ወደ ግራ፣ ዓይን 1 ሳንቃ ወደ ግራ። ወረቀት ላይ ሥሉት። ኳሱ የሚታጠፍበት ቦታ ብዙም አይቀየርም። የሚቀየረው የፊተኛው መንገድ ነው፤ ዘይት ወዳለበት ይገባል። የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

አንድ ምሳሌ። 20ኛው ሳንቃ ላይ ቆማችሁ በሁለተኛው ቀስት፣ በ10ኛው ሳንቃ ትጥሉ ነበር እንበል። አሁን 4 ቁጥር ፒን ቀረች። 22 ላይ ቁሙ፣ 11ን እዩ። አሁንም ከበዛ 24 ላይ ቁሙ፣ 12ን እዩ። ኳሱ ብሩክሊን ከሄደ ግን አንድ እርምጃ አትበሉ፤ ባንዴ 4 ለ2 ሂዱ። ፊቱ የተበላ ሌን ላይ ደግሞ ከዚህም በላይ ያስፈልጋል። እኔ አንዳንድ ማታ ሦስተኛው ጌም ላይ 30ኛው ሳንቃ አካባቢ እቆማለሁ። መጀመሪያ ስሞክረው ቤት የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ።

ለመንቀሳቀስ ሁለት መጥፎ ኳስ አትጠብቁ። ጥሩ መትታችሁም ኳሱ ከ5 ቁጥር በግራ በኩል ከወጣ፣ ያኔውኑ 1 ወይም 2 ሳንቃ ግቡ። ከባዱ ክፍል ይህ ነው። እጃችሁ ስትራይክ እያስቆጠረ ቦታ መቀየር ልብ ይጠይቃል። ግን ሁለት ስትራይክ ካስቆጠረ በኋላ በስፕሊት (ተራርቀው በሚቀሩ ፒኖች) የሚመታ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ሁለተኛው ስትራይክ ላይ ሌኑ የነገረውን ሳይሰማ ነው የቀረው።

ወደ ውስጥ ስትገቡ አንድ ነገር እንዳትረሱ። ትከሻችሁና የእግራችሁ ጣት ወደምትጥሉበት ይዙሩ። ብዙ ሰው እግሩን ያንቀሳቅስና ሰውነቱን ወደ 1 ቁጥር ፒን ያዞራል። ያኔ ክንዱ ኳሱን ወደ ግራ ይጎትተዋል። ኳሱ ወደ ቀኝ መውጣት አለበት፣ ከዚያ በራሱ ይመለሳል። እመኑት።

ከጣላችሁ በኋላ ደግሞ ወደ ታች እዩ። የመጨረሻው እግራችሁ የት ሳንቃ ላይ ቆመ? ስትነሱ 2 ሳንቃ ግራ ተጠግታችሁ፣ ስትራመዱ 2 ሳንቃ ወደ ቀኝ ከተንሸራተታችሁ ምንም አልተንቀሳቀሳችሁም። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ወቅት አሳልፌያለሁ።

ኳሱን ብዙ ማሽከርከር ለማትችሉ

ከላይ ያልኩት ወደ ውስጥ መግባት እጁ ኃይለኛ ለሆነ ሰው ይመቻል። ኳሱን በስሱ የሚያሽከረክር ሰው 30ኛው ሳንቃ ላይ ቆሞ ወደ ቀኝ ቢያወጣው አይመለስለትም። እናንተ በሌላው በር ግቡ። ወደ ዳር ውጡ። በአንደኛው ቀስት፣ በ5ኛው ሳንቃ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ጣሉ። ያ መንገድ ከመጀመሪያውም ዘይቱ ስስ ነው። ግን ሰው ስለማይጥልበት ጠባዩ ሲመሽም ብዙ አይቀየርም። ትከሻ ቀጥ፣ ክንድ ቀጥ፣ ኳሱም ብዙ የማይታጠፍ። ጋሼ እንዲህ ነው የሚጫወቱት። ጉልበታቸው እንደ ድሮው አይደለም፤ ሦስተኛው ጌም ላይ ግን ከሁላችንም ይበልጣሉ።

ኳስ መቀየር

ሁለት ወይም ሦስት ኳስ ያለው ሰው እግሩን ጨርሶ ሳያባክን ኳሱን ይቀይር። ለደረቅ ሌን የሚሆነው ደካማው ነው። ገጹ የተወለወለና የሚያብረቀርቅ ሪአክቲቭ ኳስ ፊቱን በሰላም ያልፋል። ገጹ የደበዘዘና ሸካራ ኳስ ግን ደረቁን ገና ከሩቁ ይይዘዋል፤ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ከሁሉም ደካማው የፕላስቲክ ኳስ ነው። እውነተኛ ድርቀት ላይ፣ ሁሉም ሰው ሲቸገር፣ ፕላስቲክ ኳስ ስትራይክ ያስቆጥራል። አያሳፍርም።

ዩሬቴን ኳስ በመሀል ነው። መታጠፉ የተረጋጋ ነው፣ ድንገት አይዘልም። ግን ዘይቱን እንደ ሪአክቲቭ አይመጥጥም። ከፊት እየገፋ ወደ ፒኖቹ በኩል ይወስደዋል። ቡድናችሁ ውስጥ ዩሬቴን ወይም ፕላስቲክ የሚጥል ሰው ካለ፣ ሲመሽ ኳሳችሁ ድንገት አልታጠፍ ሊል ይችላል። ያኔ እግራችሁን 1 ሳንቃ ወደ ቀኝ መልሱ፣ ዓይናችሁ አይነቃነቅ።

ገጹን ራሳችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። አብራሎን የሚባል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ያለ ክብ ማሻሻ አለ፤ 500፣ 1000፣ 2000፣ 4000 እያለ ቁጥር አለው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ገጹ ይለሰልሳል። ለደረቅ ሌን 4000 ወይም ከላዩ ፖሊሽ የተደረገበት ይሻላል። ይህን ግን ቤት ውስጥ ጨርሳችሁ ኑ። የዩናይትድ ስቴትስ ቦውሊንግ ኮንግረስ ሕግ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ የኳስ ገጽ ማሸት ይከለክላል። ከነሐሴ 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ በጨዋታ መሀል ኳስ በፈሳሽ ማጽዳት አይቻልም። ደረቅ ፎጣ ብቻ። ሁልጊዜ ከመጣላችሁ በፊት ጥረጉት፤ በየዙሩ ተመሳሳይ ኳስ ካልጣላችሁ ሌኑን ማንበብ አይቻልም።

ፍጥነትና እጅ በመጨረሻ

ብዙ ሰው ሌኑ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚያደርገው ጠንከር አድርጎ መወርወር ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ችግሩ ፍጥነት ከትከሻ ሲመጣ አቅጣጫ ይጠፋል። እግርና ኳስ ካልሠሩ ብቻ ወደዚህ ኑ።

ፍጥነት ለመጨመር ስትቆሙ ኳሱን ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከወገብ ወደ ደረት። ከከፍታ የወረደ ክንድ በራሱ ይፈጥናል። መንደርደሪያው ላይ ግማሽ ጫማ ወደ ኋላ ቆማችሁ እግራችሁን ትንሽ ማፍጠንም ይረዳል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ፍጥነት እዩ። ብዙ የሊግ ተጫዋች በሰዓት ከ16 እስከ 18 ማይል ይጥላል። 1 ማይል መጨመር ብቻውን በቂ ለውጥ ነው።

እጅን በተመለከተ፣ ስትለቁት መዳፋችሁ ከኳሱ ኋላ ይቆይ። ወደ ጎን አትጠምዝዙት። አንጓችሁን ትንሽ ለቀቅ ብታደርጉት ሽክርክሪቱ ይቀንሳል። ፊቱ የተበላ ከሆነ ደግሞ ኳሱን ፋውል መስመሩ ላይ ከማሳረፍ አንድ ሁለት ጫማ አለፍ አድርጋችሁ አሳርፉት። የተበላው ክፍል ያንሳል፣ ኳሱም ኃይሉን ይዞ ይሄዳል። ከፍ አድርጎ መወርወር ግን አይደለም። ዱብ ሲል ድምፁ ሰውን ካስደነገጠ አብዝታችኋል፤ ያረጀውንም ሌን ይጎዳዋል።

ስፔር ላይ ቀጥ በሉ

ደረቅ ማታ ስትራይኩ ያንሳል። ስለዚህ ጌሙን የሚያድነው ስፔር ነው፤ የቀሩትን ፒኖች በሁለተኛው ኳስ መጣል ማለት ነው። ለስፔር የፕላስቲክ ኳስ ያዙ። በተለይ ለ10 ቁጥር። ሪአክቲቭ ኳስ ደረቅ ሌን ላይ ወደ 10 ቁጥር ሲላክ መጨረሻ ላይ ሸሽቶ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ፒኗ ቆማ ትቀራለች። ግራ ጥግ ገደማ ቁሙ፣ ትከሻችሁን ወደ ፒኗ አዙሩ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀስት መሀል ወደ አራተኛው ጠጋ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ጣሉ። መሀሉ ዘይት ስላለው ፕላስቲኩ አይታጠፍም። ይህን አንዱን ስፔር ብቻ ለሁለት ሳምንት ብትለማመዱት ነጥባችሁ ሲያድግ ታያላችሁ።

ሦስተኛው ጌም

ለጓደኞቻችሁ ያያችሁትን ንገሩ። «ቀኙ ሌን 12ኛው ሳንቃ ላይ ቶሎ ይይዛል» ማለት ይበቃል። የተቃራኒ ቡድንንም እዩ። ከእናንተ ጋር አንድ መንገድ የሚጥል ኃይለኛ ተጫዋች ካለ መንገዳችሁን እሱም እየበላው ነው፤ ከእሱ ቀድማችሁ ግቡ። እኔ ስልኬ ላይ ለየሌኑ እጽፋለሁ፤ የት ቆምኩ፣ ምን አየሁ፣ ምን ቀረ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሌላ ጥንድ ብንዛወርም በወሩ መጨረሻ ተመልሰን እንመጣለን።

አንድ የመጨረሻ ስሌት አለች። 1ኛውን ፍሬም (ጌሙ የሚከፈልባቸውን አሥር ተራዎች የመጀመሪያውን) በግራው ሌን ከጀመራችሁ ጥንድ ቁጥሮቹን ሁሉ በቀኙ ትጥላላችሁ። 10ኛውም እዚያው ነው። ስለዚህ ለ10ኛው የሚሆነው መረጃ 9ኛው ላይ ያያችሁት አይደለም፤ 8ኛው ላይ ያያችሁት ነው። ግን እሱም አርጅቷል። ባለአራት ሰው ቡድን ከሆናችሁ ከ8ኛው ፍሬማችሁ እስከ 10ኛው ድረስ በዚያ ሌን ላይ 7 ሰው ይጥላል፤ ከእናንተ ቡድን ሦስቱ፣ ከተቃራኒው አራቱ። ስፔር ሲታከልበት 14 ኳስ ያህል ሊያልፍበት ይችላል። 8ኛው ላይ ኳሱ ልክ ፖኬት ገብቶ ከሆነ እንኳ እኔ 10ኛው ላይ 1 ሳንቃ ወደ ግራ ጠጋ ብዬ ነው የምቆመው። 8ኛው ላይ ትንሽ ከበዛብኝ 3 ለ2 እገባለሁ። ከዚያ ኳሱን እጠርጋለሁ፣ ትከሻዬን አዞራለሁ፣ እጥላለሁ።